የእትዬ ቀለመወርቅ መስኮት

እትዬ ቀለመወርቅን የሚያውቁ ሁሉ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ከንፈር እየመጠጡ ያመሰግኗቸዋል። እኔ ግን አራት ዓመት ጎን ለጎን አብሬያቸው ስለሠራሁ፣ ቅር አይበላችሁና እውነቱን ልናገር። ሴትዮዋ ሰው ያበግኑ ነበር። የጨጓራ በሽታዬ የጀመረኝ በእሳቸው ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ ከምግብ ነው ቢለኝም እኔ ከምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ስሜ ጌታሁን ነው። የላቦራቶሪ ሙያ ተምሬ በ1958 ዓ.ም. ኮልፌ ባለ አንድ ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ላቦራቶሪ ተብሎ የተሰጠን ሁለት ጠባብ ክፍል ነበር። በአንደኛው የእኔ ጠረጴዛና ማይክሮስኮፑ፣ በሁለተኛው ደግሞ ጠርሙስ የሚታጠብበት ገንዳ ነበረ። ወደ ግቢው የሚከፈት አንድ መስኮት ነበረን፤ በሽተኛው ሽንቱንም ሰገራውንም አክታውንም የሚያስረክበው በዚያ ነው። ከመስኮቱ ኋላ እትዬ ቀለመወርቅ ይቀመጣሉ።

ሲቀጠሩ ለጽዳት ነበር። በመስኮቱ የነበረው ሰውዬ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ ኃላፊያችን አቶ ወልደ አማኑኤል ማንበብ የሚችል ሰው ከጽዳቶቹ መካከል ፈለጉ። እጃቸውን ያወጡት እትዬ ቀለመወርቅ ብቻ ነበሩ። ማንበብ የቻሉት ግን በልጅነታቸው አይደለም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ አርባ ዓመት ካለፋቸው፣ ሰፈራቸው ውስጥ በተከፈተ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው ፊደል የቆጠሩት። እናም እንደ እኛ በዓይን ማንበብ አያውቁም። እግሩ ተሰብሮ በክር የታሰረውን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያስቀምጡና፣ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ ድምፅ አውጥተው ነው የሚያነቡት። "ወን፣ ድ፣ ሙ።" ከዚያ ቀና ብለው ሰውዬውን ያዩታል። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ይደግሙታል። ውጪ አርባ ሰው ቆሟል።

ሕጋቸው አጭር ነበር። ስም የሌለው፣ ቀን የሌለው፣ ሰዓት የሌለው ነገር በዚያ መስኮት አያልፍም። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ሰው ሾፌር በመኪና የጌታውን ሽንት ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው፣ ክዳኑ ጠብቆ ተዘግቷል፣ ስም ግን የለውም። እትዬ ቀለመወርቅ መለሱለት።

ሾፌሩ "እማማ፣ የማን እንደሆነ እኮ ይታወቃል" አላቸው።

"አንተ ታውቃለህ። ጠርሙሱ ግን አያውቅም" አሉት።

ሾፌሩ ተቆጥቶ ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ አቶ ወልደ አማኑኤል በስልክ ሲያስረዱ ዋሉ። እኔ ማይክሮስኮፔ ላይ እንዳቀረቀርኩ ቆሽቴ እያረረ ሰማሁ።

ሕዝቡም ቢሆን ቀላል ሕዝብ አልነበረም፤ በእሳቸው ላይ ብቻ መፍረድ አይገባኝም። ሰገራ አምጡ ሲባል በክብሪት ቀፎ የሚያመጣ አለ፤ ያውም ክብሪቱን ሳያወጣ። በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በገመድ አስሮ፣ እንደ ቆጮ አሳምሮ የሚያመጣ አለ። ታጥቦና ተቀቅሎ የሚሰጠው ትንሽ ብልቃጥ ደግሞ እጅ ውስጥ ከገባ አይመለስም። ለኩል ማስቀመጫ ይሆናል፣ ለጸበል ይሆናል። ብልቃጡን ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦ ሽንቱን በአረቄ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣን ሰው ምን ትሉታላችሁ? አክታ አምጡ ሲባል ደግሞ ሰው ፊት መትፋት ነውር ነው ብሎ ምራቁን ብቻ እፍረት በእፍረት ሆኖ ጠብ ያደርጋል። በምራቅ የሳንባ በሽታ አይታይም። ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ።

አቶ ገመቹ የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር። ሽንቱን መረመርኩና ስኳር አገኘሁበት። ከሰማያዊው መመርመሪያ ጋር ሲፈላ እንደ ሸክላ ቀላ፤ እንዲህ ያለ ስኳር አይቼ አላውቅም። ውጤቱን ጽፌ ፈረምኩ። ሰውዬው ሁለት ሳምንት ሙሉ ጣፋጭ ነገር ሳይቀምስ፣ ኑዛዜ ሁሉ ማሰብ ጀምሮ፣ ጎምላላው ሰው ከስቶ ለሁለተኛ ምርመራ መጣ። እትዬ ቀለመወርቅ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱና "ይህ ጠርሙስ ድሮ ምን ነበረበት?" ብለው ጠየቁት።

"ማር" አለ ገመቹ። "ታጥቧል ግን።"

በሆስፒታሉ ብልቃጥ ድጋሚ ሲመረመር ምንም የለበትም። ይህ ነገር ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር። ያስተማረው ግን እሳቸውን ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥያቄያቸው ላይ "ምን ነበረበት?" የሚል ጨመሩ። ሰልፉም በዚያው ልክ ረዘመ።

ከሁሉ የከፋው የስም ነገር ነው። እትዬ ቀለመወርቅ አንዲት ሴት ከፊታቸው ስትቆም በአንድ ስም አይለቋትም።

"ስምሽ ማነው?"

"ፅጌ።"

"የክርስትና ስምሽስ?"

ሴትየዋ ትሽኮረመማለች፤ የክርስትና ስም በየመስኮቱ የሚነገር አይደለም። ትናገራለች ግን።

"አማትሽ ምን ብለው ነው የሚጠሩሽ?"

ይኼኔ ሰልፉ ያጉረመርማል። እኔ ከውስጥ "እትዬ፣ ሽንት ነው የሚሰጡት፣ ሊድሯቸው ነው እንዴ?" እላለሁ። እሳቸው አይሰሙኝም። ሦስቱንም ስም በፕላስተር ላይ በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ፤ ፕላስተሩ ብልቃጡን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል።

"ካርድ ክፍል አንዷን ባሏ ባወጣላት ስም ይጽፋታል፣ ዘመዷ በሌላ ስም ይጠራታል፣ ቄሱ በሌላ ይጸልዩላታል" ይሉኝ ነበር። "አንድ ሰው ሦስት ቦታ ከተጻፈ የማንን ደም ለማን ትሰጣለህ?"

እኔ እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት ቤት አልተማርኩም። ስለዚህ ከመጤፍ አልቆጠርኩትም።

የፒፔቱም ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ደምም ሆነ ሌላ ፈሳሽ ስንለካ ቀጭኑን የመስታወት ቱቦ አፋችን ውስጥ አድርገን በትንፋሽ ነበር ወደ ላይ የምንስበው፤ እንደ ጠጅ በብርሌ። ሁላችንም እንዲህ ነበር የተማርነው። እትዬ ቀለመወርቅ ቱቦዎቹን ካጠቡ በኋላ በእያንዳንዱ አፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ይወትፋሉ። "የሰው ደም አፍህ ውስጥ ምን ይሠራል?" ይሉኛል። ጥጡ ትንፋሽ ስለሚያዘገይብኝ ጠዋት ጠዋት በመርፌ እየነቀልኩ እጥላለሁ። እሳቸው ማታ ይመልሱታል። አራት ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር በጥጥ ተጣላን። የተጠቀምኩባቸውን መርፌዎች ደግሞ አንድ በአንድ በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ይለቅማሉ፤ ከአንሶላ ጋር ሄዶ አጣቢዎቹን እንዳይወጋ ነው ይላሉ። የት እንደጣልኩት ካጡ ጠረጴዛዬ ሥር በእጅና በእግራቸው ይሄዳሉ። እሳቸው እግሬ ሥር ሲርመሰመሱ ሥራ ይሠራል?

በ1962 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ሰኞ ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ከዋናው በር ወጥቶ መንገድ ላይ ደረሰ። ዶክተሮቹ ውጤት ዘገየ ብለው ጮኹብኝ። ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ጉዳዩ፦ የሥራ መጓተትን ይመለከታል" ብዬ ጀመርኩና፣ ወይዘሮ ቀለመወርቅ ለመስኮቱ ሥራ እንደማይመጥኑ፣ ንባባቸው ዝግ ያለ እንደሆነ፣ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ጥያቄ እየጠየቁ በሽተኛ እንደሚያሳፍሩ ዘረዘርኩ። ፈርሜ ለአቶ ወልደ አማኑኤል ሰጠሁ።

አቶ ወልደ አማኑኤል ጥል የማይወዱ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን አነበቡ፣ ተነፈሱ፣ እትዬ ቀለመወርቅን ጠርተው ከመስኮቱ ወደ ማጠቢያ ገንዳው አዛወሯቸው። ማን እንደከሰሳቸው የነገራቸው አልነበረም፤ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ለእሳቸው ያ መስኮት ምን እንደነበረ የገባኝ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ ሳይ ነው። ፕላስተር፣ መቀስ፣ እርሳስ፣ በክር የታሰረው መነጽር። መነጽሩን ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ለጠርሙስ ማጠብ መነጽር አያስፈልግም። ትንሽ ከነከነኝ፤ ሰልፉ ግን ነበረብኝና ረሳሁት።

በመስኮቱ ፀሐዬ የሚባል የቀድሞ ዘበኛ ተተካ። ፀሐዬ ጠርሙስ ሲቀበል እንደ አውቶቡስ ትኬት ነው፤ ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ ቀጣይ ይላል። በሁለት ቀን ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደስ እንዳለኝ ቆየሁ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከላይ አስቸኳይ ወረቀት መጣ። "ወለተጻድቅ ሀብተማርያም፣ ዕድሜ 21፣ ትናንት ቤቷ ወልዳ ብዙ ደም ፈሷታል፣ ደም ይሰጣት።" የማዋለጃው ክፍል ስለሞላ ሴቶች ክፍል ነበር ያስተኟት። ባሏ ተክለማርያም የሚባል ጎልማሳ ሸማኔ፣ ከእናቱ ከወይዘሮ የሺእመቤት ጋር ደጃችን ቆሟል። እሱ ደም ሊሰጥ እጅጌውን ሰብስቧል። እናቱ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ባለሙያ ነኝና ወረቀቱ ሲነበብ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ልጅቷ በቶሎ ደም ካላገኘች ያ ሕፃን እናት አይኖረውም።

ስሪንጄን ይዤ ሮጥኩ። የሴቶቹ ክፍል ሃያ አልጋ ያለው አዳራሽ ነው፤ ጠያቂው፣ ለቅሶው፣ የዝናቡ ድምፅ ሰው አያሰማማም። በሩ ላይ ቆሜ "ወለተጻድቅ" ብዬ ተጣራሁ። በስተግራ በኩል "አቤት" የሚል ድምፅ ተሰማ። ስደርስ ክንዷን ከጋቢ ውስጥ አውጥታ ዘርግታልኛለች። ገርጥታለች፣ ከሲታ ናት፤ ወላድ መሰለችኝ። ደሟን ቀዳሁ፣ ክንዷ ላይ ጥጥ አድርጌ አጥፊው አልኳት፣ እዚያው ቆሜ ፕላስተሩን ጻፍኩ። ከወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ከዚያ ቀን፣ ሰዓት። እትዬ ቀለመወርቅ እንኳ እንከን አያወጡለትም ብዬ በልቤ ኮራሁ።

የደሟን ዓይነት ለየሁ። ቢ ነው። የባሏን ለየሁ። እሱም ቢ። የሁለቱን ደም አንድ ላይ አድርጌ አየሁ፤ ተስማማ። እድለኛ ናት አልኩ። አቶ ወልደ አማኑኤል ባልየውን አስተኝተው ደሙን ወደ ጠርሙስ መቅዳት ጀመሩ። እኔ ወረቀቱን ለመፈረም ብዕሬን አነሳሁ።

ይኼኔ እትዬ ቀለመወርቅ የቆሸሹ መስታወቶችን ሊወስዱ እጃቸው እንደረጠበ ገቡ። የደሙን ብልቃጥ አዩት። ከጉያቸው መነጽሩን አወጡ።

"እትዬ፣ ዛሬ አይሆንም" አልኳቸው። "ሰው ሊሞት ነው።"

አልሰሙኝም። ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አደረጉ። "ወ፣ ለ፣ ተ፣ ጻ፣ ድ፣ ቅ።" ወረቀቱንም አነበቡት፤ እያንዳንዷን ፊደል። እኔ ብዕሬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ሃያ አንድ ዓመቷ ነው" አሉ። "ይህ የክርስትና ስም ይመስላል። ስሟን እሷ ነገረችህ ወይስ አንተ ነህ የነገርካት?"

"ጠራኋት፤ አቤት አለች።"

"ሐኪም ቤት ተኝቶ ሲጠራ አቤት የማይል ማን አለ?" ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። "ይህ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ደም ሲፈሳት ያደረች ሰው ደም ነው? ቀዩን እየው እስኪ፤ ግማሽ ድረስ ነው የረጋው። ስንቱን የወላድ ደም ነው ያጠብኩት፤ እንዲህ አይወፍርም።"

አየሁት። ደሙ ወፍራም ነበር። የወጣሁበት ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ያስተማረኝን ነገር ጠርሙስ አጣቢዋ ነገሩኝ፤ እኔ ግን የተሰማኝ ምስጋና ሳይሆን ንዴት ነው። "እትዬ፣ እባክዎ ወደ ገንዳዎ ይመለሱ" አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

አልተመለሱም። መነጽራቸውን እንዳደረጉ፣ እጃቸው ሳሙና እንደሆነ፣ ወጡና በዝናቡ ውስጥ ወደ ሴቶች ክፍል ሄዱ። ጽዳት ያለ ትእዛዝ እዚያ አይገባም። ላስቆማቸው ተከተልኳቸው። ስሄድ ሁለተኛውን ደብዳቤ በሐሳቤ እየጻፍኩ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

እሳቸው በሩ ላይ አልተጣሩም። ነርሷን "የወለደችው የት ናት?" ብለው ጠየቁና በስተቀኝ ጥግ ወዳለ አልጋ ሄዱ። አልጋው ላይ አንዲት ልጅ ዓይኗን ከፈት ከደን ታደርጋለች፤ ከንፈሯ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከግራው አልጋ፣ እኔ ከቀዳሁበት፣ ስድስት አልጋ ይርቃል።

እትዬ ቀለመወርቅ ጎንበስ አሉ። "የኔ ልጅ፣ ስምሽ ማነው?"

"ዘመነች" አለች፤ ድምፅ አይባልም።

"አማትሽ ምን ይሉሻል?"

"እሙ።"

"የክርስትና ስምሽስ?"

"ወለተጻድቅ።"

"ያባትሽ ስም?"

"ሀብተማርያም።"

"ዛሬ ደም የቀዳሽ ሰው አለ?"

ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ማለቷ ነው። እትዬ ቀለመወርቅ ሁለቱንም ክንዶቿን ገልጠው አሳዩኝ። መርፌ የነካው ቦታ የለም። ዞር ብዬ ወደ ግራው አልጋ አየሁ። ያችኛዋ ሴት ክንዷን አጥፋ፣ የእኔን ጥጥ ቆልፋ ይዛ ተኝታለች።

ክው አልኩ። ሄጄ "እርስዎ ስምዎ ማነው?" አልኳት፤ ለምን አንቺ ማለት እንዳቃተኝ አላውቅም።

"ወለተጻድቅ ነዋ" አለች። "ሆዴን አሞኝ ነው የተኛሁት። ደምሽ ይመረመራል ተብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ስትጠራኝ አቤት አልኩ። ምነው፣ መጥፎ ነገር አለብኝ?"

ምን አጠፋች? በስሟ ተጠራች፣ አቤት አለች። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ፣ ስም ለሰው እንደ ቡና ቁርስ በተንኩ፤ የደረሰው አነሳ።

ከዘመነች ክንድ ደም ቀዳሁ። ደም ሥሯን ያገኘሁት በሁለተኛው ሙከራ ነው። እትዬ ቀለመወርቅ ፕላስተሩን እዚያው አልጋው አጠገብ ሦስቱንም ስም አድርገው ጻፉት፤ የአባቷን ስም ጨምረው፣ ቀንና ሰዓት ጨምረው። እኔ አላቻኮልኳቸውም። ደሙ ወደ ብልቃጡ ሲገባ ቀጭን ነበር።

ላቦራቶሪ ስንደርስ አቶ ወልደ አማኑኤል የባልየውን ደም ቀድተው ጨርሰው ጠርሙሱን ወደ ላይ ሊልኩት በር ላይ ደርሰዋል። "ይቁም" አልኳቸው። ለየሁት። የዘመነች ደም ኦ ነው። የባሏ ቢ። ያ ጠርሙስ ከሩብ ሰዓት በኋላ ክንዷ ላይ ተሰክቶ ቢሆን ልጅቷ በደም ማጣት ሳይሆን በእኔ ፊርማ ነበር የምትሞተው። አቶ ወልደ አማኑኤል ፊቴን አይተው፣ ሳይጠይቁኝ ጠርሙሱን መልሰው አስቀመጡ።

ኦ ከኦ ሌላ አይቀበልም። ከሠራተኛው መካከል ኦ ማን እንደሆነ የሚታወቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም እኔ። ጋዋኔን አውልቄ ባልየው ከተነሳበት አልጋ ላይ ተኛሁ። አቶ ወልደ አማኑኤል መርፌውን አዘጋጁ። እትዬ ቀለመወርቅ ባዶውን ጠርሙስ ይዘው ራሴ አጠገብ ቆሙ፤ ፕላስተርና እርሳስ አላቸው።

"ስምህ ማነው?" አሉኝ።

"እትዬ ቀለመወርቅ" አልኩ፣ "አራት ዓመት አብረን ሠርተን።"

"አውቅሃለሁ። ስምህ ማነው?"

"ጌታሁን።"

"ያባትህ?"

"ወንድሙ።"

"የክርስትና ስምህስ?"

አቶ ወልደ አማኑኤል መርፌውን ይዘው ቆመዋል። ላይ ልጅቷ ከንፈሯ ነጥቷል። እነሆ እዚያ ሰዓት ላይ እንኳ ሴትዮዋ አበገኑኝ፤ አልዋሽም። ነገርኳቸው። ከእናቴ በቀር ኮልፌ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ስሜን ድምፅ አውጥተው፣ ፊደል በፊደል፣ ጽፈው ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ነው መርፌው የገባው።

ዘመነች ዳነች። በስምንተኛው ቀን ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች። ወይዘሮ የሺእመቤት በላቦራቶሪው ደጅ ሲያልፉ እትዬ ቀለመወርቅን በመስኮቱ በኩል ገንዳው ላይ አይተው ገላመጧቸው። "እኚህ ሴትዮ ናቸው እሙዬን ያን ሁሉ ሰዓት ደም ያስከለከሏት" አሉ ለልጃቸው። "የሰው ስም ሲቆጥሩ ልጄ ልትሞትብኝ። ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ስም ይሁንላት ብዬ ነው እኔ በክርስትናዋ ያስጻፍኳት፤ ምን አገባቸው?" እትዬ ቀለመወርቅ አጎንብሰው ጠርሙሳቸውን ማጠብ ቀጠሉ። እኔም በአጠገባቸው ነበርኩ። የተፈጠረውን ለመናገር መጀመሪያ የራሴን ስም መጥራት ነበረብኝና ተውኩት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እንዲያ ሆኜ ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። በመጀመሪያ አቶ ወልደ አማኑኤል ዘንድ ገብቼ የሆነውን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ተናገርኩ። ጭንቅላታቸውን ይዘው አዳመጡኝ። "እሳቸውን ወደ መስኮቱ ብመልሳቸው ሰልፉ መንገድ ላይ ይደርሳል" አሉ።

"ይድረስ" አልኩ።

"ዶክተሮቹ ይጮኹብሃል።"

"ይጩኹ።"

ከዚያ ወደ ገንዳው ሄድኩ። እትዬ ቀለመወርቅ ቱቦዎቹን አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደርድረዋል፤ በየአፋቸው ጥጥ እየወተፉ ነበር። ልክ እንደ ተማሪ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ።

"እትዬ ቀለመወርቅ፣ ከመስኮቱ ያስነሳዎት ደብዳቤ የእኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ ቀና አላሉም። "አቶ ወልደ አማኑኤል ጠረጴዛቸው ላይ ትተውት ሲወጡ አቧራ ልጠርግ ገብቼ አነበብኩት። ንባቤ ዝግ ያለ ስለሆነ ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ።"

የምገባበት ጠፋኝ። ሦስት ጠዋት፣ ያንን ደብዳቤ፣ ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ፣ ድምፅ አውጥተው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

አንዲት ቱቦ ወደ ብርሃን አነሱ፣ ጥጧ መጥበቋን አዩ፣ አስቀመጧት።

"ስምህን ጽፈሃል። ያ ጥሩ ነው" አሉኝ። "ቀን ግን አልጻፍክበትም። እኔ ብሆን አልቀበልህም ነበር።"